አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ

ብሬስት ላይ ይዘንባል። ነጭ ካባ ለብሼ፣
ሚዛኔ ላይ አጎንብሼ፣
ከባሕር ሣር የወጣ፣ የደረቀ ዱቄት
እነሰንሳለሁ ቀስ ብዬ፣ በንጹሕ ውሃ ፊት።
እንደ አጥሚት ነው ነገሩ፤ ችኮላ አይወድም፤
ካላማሰሉት ይጓጉላል፣ ከውሃው አይዋሐድም።

ውሃ ቢወቅጡት፣ ይላሉ፣ ያው እምቦጭ ነው መልሱ።
እኔ ግን አየሁት ሲረጋ፣ ሲቆም በራሱ፣
የእንቁላል ነጭ መስሎ፣
በጀርባው መድኃኒት አዝሎ።
አንቀልባውም ውሃ፣ አዛዩም ውሃ፤
ሕፃኑ ብቻ ነው ውሃ ያልሆነው።

ልብ በአንድ ጎኑ ሲሞት ግድግዳው ይሳሳል፣
ደም በገፋው ቁጥር እንዳረጀ ሸማ ይለጠጣል።
ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ተነሥቶ፣
በደም ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ፣
ጫፉ ላይ በሸሸጋት መርፌ ይወጋል።
ሲገባ ፈሳሽ ነው፤ ከቁስሉ ካልሲየም ሲያገኝ
እዚያው ይረጋል፣ ቤት እንዳገኘ መንገደኛ።
ከዚያ መድኃኒቱን፣ ዛሬ ቁንጥር፣ ነገ ቁንጥር፣
አደራ እንደበላው ሳይሆን፣ ያካፍላል በቁጥር።
ስድስት ሳምንት ሲሞላው ራሱም ሟሙቶ ይሄዳል፤
አመስግኑኝ አይልም። እንዲህ ያለ ሐኪም የት ይገኛል?

ሕግ ግን ሕግ ነው።
ከብልቃጦቹ እኩሌታው ጄል፣
እኩሌታው ባዶ ጨው ውሃ፤
ጎን ለጎን ሲደረደሩ ዓይን አይለያቸውም።
ከላይኛው ፎቅ አዚሊዝ፣ አፏ የተቆለፈ፣
ቁጥር ትለጥፍባቸዋለች፤ የቱ ወዴት እንዳለፈ
ሐኪሙ አያውቅም፣ ታማሚው አያውቅም፣
ያማሰልኩት እኔም፣ እናቱ፣ አላውቅም።

ማክሰኞ ጉልቬን መጣ፣ ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ፣
የሚንጠባጠብ ፌስታል ይዞ።
የላኒልዱት ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ባሕር ያጨደ፣
ከጀልባው ጠምዛዛ ብረት ወደ ጥልቁ የሰደደ፣
ሣሩን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ፣ እየነቀለ፣
ለፋብሪካ በቶን ሲሸጥ የኖረ፣ በረከሰ ዋጋ።
ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም ነበር። ሚስቱ ሶአዚግ
«ኧረ ልብ ግዛ!» ስትለው፣
«ገበያ ከወጣ እገዛለሁ» ነው መልሱ።

ፌስታሉን ሚዛኔ አጠገብ ዘረገፈው፤
ቡናማ፣ አንሸራታች፣ እንደ ቀበቶ ረዥም።
«ይኼ ነው አይደል? ሐኪሙ ነገረኝ።
ለአንዷ ብልቃጥ ስንት ታወጣላችሁ?»
ነገርኩት።
እስኪያስለው ሳቀ።
«ሌባ!» አለ። «አንቺን አይደለም፤ ባሕሩን ነው።
እኔ እሱን በቶን ሸጥኩት፤
እሱ በጠብታ ልቤን ገዛው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደረቱን በጣቱ ነክቶ፣
«ባሕሩ ሲሞላ ይሰማኛል፣ እዚህ ጋ፣ ሌሊት፤
ሥር እንደሰደደ ሣር ይወዛወዛል» አለኝ።

ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነው።
አሥራ ሰባት ጨው ሊሆን ይችላል።
ምን ልበለው? ጨዉም ባሕር፣ ሣሩም ባሕር፣
ብዬ ልጽናና አሰብኩ።
ጠባሳ ግን ቅኔ አይፈታም፤
በወርቁ አይድንም፣ ሰሙን ነው የሚፈልገው።

ተሰናብቶኝ ወረደ። ከደጄ ቆሜ እርምጃውን ቆጠርኩ።
አንድ ፎቅ።
ሁለተኛው ላይ ኮቴው ጠፋ።
ትንፋሼን ዋጥኩ። ዝናቡ ብቻ።
ቆይቶ፣ ክብሪት ሲጫር ሰማሁ።
«ጉልቬን!» ብዬ ጮኽኩ በደረጃው ቁልቁል፣
«ልብ ግዛ!»
ከታች፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ወጣ፦
«ስንት ነበር ያልሽኝ ዋጋው?»