የተዘለለው ቃል

ቫልፓራይሶ ነን፣ ከወደቡ በላይ፣
ደረጃው ሲያልቅበት፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፤
ቤታችን ቆርቆሮ፣ ብርቱካን የተቀባ፣
የባሕሩ ጨው ግን እየበላው ገባ።

ባሌ ኤውሴቢዮ የገመድ ባቡሩን
ሠላሳ ስድስት ዓመት ይዞ ኖረ ፍሬኑን፤
አንድ ሰው ሳይጥል፣ አንድ ቀን ሳይስት፣
ቁልቁል ሲያወርድ አረጀ፣ ሲያወጣ በዳገት።
ያ ብረት ያቆመ እጅ
ዛሬ ሻይ ሲያነሣ ሻዩን ይደፋል፤
መርፌ ላሳርፍ ሲል ሸክላውን ይጭራል።

ያን ሰሞን መጣችልን የእህቴ ልጅ ራየን፣
ሁለት ጥቁር ስፒከር ታቅፋ እንደ መንታ ሕፃን፤
"አክስቴ፣ ተገላገይ" አለች፣ "የዓለም ዘፈን ሁሉ
በስልክሽ ይመጣል፤ ሸክላዎቹ ጡረታ ይውጡ፣ በቂ ነው ማገልገሉ።"

ልዋሽ? ደስ ነው ያለኝ። ሸክላ ማለት ለኔ
አቧራ ማለት ነው፣ የወገብ ውጋት፣ ኩነኔ፤
"አትንኪው!" እባላለሁ፤ "አቧራ ነው!" እባላለሁ፤
እሱ ሲያዳምጥ እኔ ስወለውል ኖሬአለሁ።

ዶን ባልዶሜሮ ደግሞ፣ ሳይጠሩት አቤት ባይ፣
ከግድግዳው ማዶ ሰምቶ፣ ገባ ነገሩን ሊያይ፤
"ሸክላ ገላ አለው፣ ይሞቃል፤ ያኛው ግን ኪራይ ነው፤
የወር ክፍያ ያለፈ ለት ዘፋኙ ጓዙን ጠቅልሎ ነው!"
ይህን ሁሉ ሲሰብክ፣ ጆሮው ውስጥ የሰካት
የመስሚያ መሣሪያ ሲጥ ትል ነበር፣ ባትሪ አልቆባት።

ኤውሴቢዮ ዝም አለ፣ እጁን ከጭኑ ሥር ሸሽጎ።
"ምን ልክፈትልህ?" ብትለው ራየን፣
አንድ ዘፈን ጠራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያቺን ሸክላ የገዛናት ከእሑድ ገበያ ነው፣
ከተሰበረ ፋኖስና ከጋሪ ጎማ መሃል፤
የማናውቀው ሰው ጥፍር፣
የማናውቀው ቤት ንዴት
ሆዷን ጭሮባታል።
"መርከቤ ሲነሣ፣ የኔ ዓለም…" ይላል ዘፋኙ፣
መርፌው ዘሎ ያልፋል፤
አንድ ቃል ይጎድላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤውሴቢዮ በዚያች ቦታ
"ጠብቂኝ!" ይላል፣ ጮክ ብሎ፣ እያየኝ፣ በፈገግታ።
እኔም በልቤ እሞላለሁ፣
እጄ ማንኪያ ላይ፣ ከንፈሬ ሳይከፈት፣
ሌላ ቃል፦
"እርሺኝ።"
(ያን ቃል የሞላሁበት የመጀመሪያው ዓመት
ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነበረች፣ ተቆልፋ።
ይኼን ራየን አታውቅም።)

ስልኩ ዘፈነ። ጥርት ብሎ፣ እንደ ታጠበ መስታወት፤
እሳት ላይ እንዳለ እንጨት ትር-ትር ማለት የለበት።
"መርከቤ ሲነሣ፣ የኔ ዓለም፣" አለ፣
ትንሽ ተነፈሰ፣
"ማክሰኞ።"

ማክሰኞ!
የባልና የሚስት የሠላሳ ዓመት ምስጢር
የመርከብ ፕሮግራም ሆኖ ቢገኝ፣
ሳቅን፤ ዶን ባልዶሜሮ እንኳ ሳይሰማ ሳቀ፤
ኤውሴቢዮም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ አለቀ፣
ፊቱ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ሆነ።

ሌሊት መሬቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ልማዱ፤
ብርጭቆው ተንጫጫ፣ ቆመ።
በጨለማ ጠራኝ፦ "ኦርቴንሲያ፣
አንቺስ በዚያች ቦታ ምን ትሞዪ ነበር?"
"አንተ የምትለውን" አልኩት።
ሰውም ሸክላ አይደል? አንዳንዱ ጭረት
ካልነኩት ነው የሚያምር።

ስፒከሮቹ አልተመለሱም። ሳህን ሳጥብ ይዘፍናሉ፤
ዜና ያወራሉ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ይላሉ፤
የወሩን ሂሳብ የምከፍል እኔ ነኝ፣ ከዓሣው ብር ቆርጬ።
ትናንት ግን እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ ከፊቱ ተቀምጬ፣
በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌውን አወረድኩ፤
አላወቅሁበትም፣ ዘፈኑ መሃል ወደቅኩ።
"ላንሣው?"
"ተዪው" አለኝ።

ሸክላው ዞረ። ዘፋኙ መጣ። መርከቡ ተነሣ።
ኤውሴቢዮ አፉን ሲከፍት
ያን የሚንቀጠቀጥ እጁን ያዝኩና፣ ቀደምኩት፤
አንድ ቃል አልኩ፣
ጮክ ብዬ።
ማክሰኞ አይደለም።