ቀለም ቀቢ

የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያዬን ሊሞላ፣
"ሥራ?" አለኝ ቀና ሳይል፣ ከመነጽሩ ኋላ።
"ሠዓሊ" ብዬ ነገርኩት፤ እስክሪብቶው ቆም አለ፤
"ቀለም ቀቢ" ብሎ ጻፈ፣ "ያው ነው፣ ያው ነው" እያለ።

ያው ነው። ሱሉልታ ላይ፣ ከድርቆሽ ክምሩ ማዶ፣
በጋው አቧራ አዝሎ፣ ክረምቱ ጭቃ ወልዶ፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ትርዳለች ቆርቆሮ ቤቴ፤
ያን ጊዜ ከእጄ ያመልጣል፣
ብቸኛው ቀጥ ያለ መስመር በሕይወቴ።

የቶሎሳ ሥጋ ቤት በሬ፣ ያ ዳለቻው፣ የኔ ነው፤
ዓይኑን የሰው ዓይን አድርጌበት ደንበኛው ሁሉ ፈራው።
"እያየኝ አልበላም" ብሎ አንዱ ቁርጡን ትቶ ሄደ፤
ቶሎሳ ሽርጡን ሳይፈታ እቤቴ ድረስ ወረደ፤
"በሬ አድርግልኝ" አለ፣ "በሬ! ሰው አይደል የታረደ።"
ዓይኑን ደፈንኩለት፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ ጣልኩ፤
በሒሳቤ ጎድን ተቀበልኩ፣ ጠብሼ በላሁ፣ ዝም አልኩ።

የሌሊሴ ፀጉር ቤት በር ላይ ሦስት ሴቶች አሉ በሹሩባ፤
ሦስቱም አንዲት ሴት ናቸው፤ ስሟ እዚህ ግጥም አይገባ።

ደግሞ የእድሩ አግዳሚ ወንበር፣ ድስቱ፣ ባልዲው፣ ድንኳኑ፣
ከአንድ እስከ መቶ አርባ ቁጥር ይሻል በየዘመኑ፤
ባሻ ፈረደ ቆመው "ሰባቷ ዘመመች" ይላሉ፤
እዚያችው ሰባት ላይ ተቀምጠው በሌላ ቀን ያለቅሳሉ።

ዘንድሮ ከአስፋልቱ ዳር ባነር ማተሚያ ተከፈተ፤
በሬ በአሥር ደቂቃ ይወጣል፣ እንደ ጨርቅ እየተጎተተ፤
ቶሎሳም የኔን ነቅሎ መለሰልኝ፣ ይቅርታ እየለመነ፤
በሬው ጣሪያዬ ላይ ወጣ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ፤
ለሚያፈሰው ቀዳዳ ክዳን ሆነ።

መጋቢት ላይ አዴ ሎሚ መጡ፣ የወተት ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ።
"ልጅ ነበረኝ፣ ኩመላ" አሉ።
"በዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። ፎቶ የለውም። ሣልልኝ።"
"ምን ይመስል ነበር?"
"ልጅ ነዋ!" አሉኝ።

አፍንጫ ሠራሁ፤ "አይደለም።" አገጭ ሠራሁ፤ "የአባቱ ነው።"
ግንባሩን ሰፋ ባደርገው፣ "ኧረ! ይሄማ የወረዳው ሰውዬ ነው።"
ሰባት ቅዳሜ መጡ። ሰባት ጊዜ ፊቱን በአኳራጅ አጠብኩት፤
የማላውቀውን ልጅ ሰባት ጊዜ ቀበርኩት።

በስምንተኛው፣ ተስፋ ቆርጬ፣ እንዲያው ለእጄ ማፍታቻ፣
ጆሮ ሣልኩ። የግራ ጆሮ። ወጣ ያለች፣ እሷን ብቻ።
አዴ ሎሚ ጣታቸውን ዘረጉ፣ ሳይነኩት መለሱ፤
"እሱ ነው" አሉ። "ስቆነጥጠው የሚግለው፣ እሱ ራሱ።"
"ቀሪውን ልጨርስ" ብላቸው፣ "ተው" አሉኝ እጄን ይዘው፤
"ሌላው እኔ ጋ አለ። የጠፋብኝ ይኸው ነው።"

በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፤
ጥለቱ ላይ ዛሬም ጠይም ነጥብ አለ፣ ቢያጥቡት የማይለቅ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጎልማሳ "የአባቴን ሳል ሣልልኝ" አለኝ፤
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ዓይኑን ሳየው ሳቄ አነቀኝ።
ሞከርኩት። አልወጣም። አረንጓዴ ነገር ሆነ።
ገንዘቡን መለስኩለት፤ ሥዕሉን ግን ወሰደ፣ እያመሰገነ።

መታወቂያዬ ሊታደስ ነው። ጸሐፊው "ሥራ?" ሲለኝ፣
"ያው ነው" እለዋለሁ። ወረፋ አለ፤ ቆሞ ማስረዳት ሰለቸኝ።

ሌሊት ዝናቡ ሲጠና ወደ ጣሪያው አንጋጥጣለሁ፤
የደፈንኩትን ነጥብ እርጥበት ሲልጠው አያለሁ።
ከሥሩ ብቅ የሚለው ያው የድሮው የሰው ዓይን ነው፤
እያየኝ ራቴን እበላለሁ።
ሥጋ አይደለም፤ ሽሮ ነው።