የጉሮሮ ፊደል

ሰባት ነበርን ያን ዓመት፣ ስድስት ኪሎ፣ ምድር ቤት፤
ስድስታችን ሕግ ሞልቶብን፣ አንዱ ገብቶ በስሕተት።
ጋሽ ሙሄ ከነካፖርቱ ገባና ጠመኔ አንሥቶ
ሦስቱን ሀ ጻፈ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ጎን ለጎን አስጠግቶ።
«አንብቡ።»
አነበብን፤ ሦስቱንም አንድ ዐይነት።
«አያችሁ» አለ፣
«መቃብሩን ትሳለማላችሁ፣ የሞተውን ሳታውቁት።»

ከዚያ አገጩን ቀና አርጎ፣ ማንቁርቱን በጣቱ ነክቶ
ሐን ከሥር አመጣት፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ ጎትቶ፤
ኀን ከላንቃው ፋቃት፤
ዐን ግን ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቃት።
መጣች፤ ግመል ከነጭነቷ ስትነሣ ከሆዷ እንደሚወጣ።
ሳቅን። እሱም ሳቀ። «በሉ» አለ፣ «ከእናንተም ትምጣ።»

*

በቅጥሩ ፎርም ላይ፣ ከትውልድ ቦታ ጎን «ደዌ» ብሎ ቢጽፍ
«በሽታህን ማን ጠየቀህ?» አለው የሰው ኀይል ሹሙ በመንቀፍ።
አገሩ ነው። እዚያ ደረሳ ትምህርቱን እንጨት ሉሕ ላይ ይጽፋል፤
ሲሸመድደው በውኃ ያጥበዋል፤ እጣቢውን ይጠጣል።
ደጋግመው ጠየቁት፣ «ዲግሪህስ?» እያሉ፤
«ሆዴ ውስጥ ነው፣ ራጅ አንሡኝ» ይላል፤ ይስቃሉ።

ከዚያ በፊት ፒያሳ፣ ከአንድ የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ
ዐሥር ዓመት አቡጀዴ ሲለካ፣ የሰው ደብዳቤ ሲያረቅቅ፣
ማታ ማታ በመጠቅለያው ወረቀት ጀርባ
ቃል ይለቅም ነበር፤ ዐረብኛው ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ ሲገባ።
አርባ ዓመት ለቀመ።
ለአንበሳ መቶ ስም አግኝቶ፣ በአንበሳ ጫማ ካርቶን አጠራቀመ።
ለግመል ሁለት ካርቶን፤ ለፍቅር አንድ፣ እሱም ሳይሞላ።
ከዐይን ፊደል ደረሰና ቆመ፤ አላለፈም ከዚያ በኋላ።

*

ጡረታ ሲወጣ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከቀበሌ ቤቱ ደጅ
የጅዳ ውል የያዘች ልጅ፤ ከኋላዋ የኩዌት፤ ከኋላዋ ሌላ ልጅ።
የአንበሳን መቶ ስም የሚያውቅ ሰው፣ መነጽሩን ወልውሎ ያነባል፦
«ፓስፖርቱ ከአሠሪዋ ዘንድ ይቀመጣል።»
ደግሞ ያነባል። ሌላ ትርጉም ይፈልግለታል። አይገኝም።
ሀውለትን ግን፣ ትንሿን፣ አጠገቡ አስቀመጣት፤ «አትሂጂ» አላላትም።
«ዐመል ሥራ ነው፤ አመል ግን ተስፋ።
ጉሮሮሽ ከሰነፈ ልዩነቱ ጠፋ፤
ሥራ ስትጠይቂ ተስፋ ትለምኛለሽ፤
ሰው ቤት ተስፋ ከለመንሽ፣ ልጄ፣ ደመወዝሽን ታጪያለሽ።»
«ዐ… ዐ…» ትላለች ደጃፉ ላይ፣ አንገቷን ይዛ፤
ዶሮ ማነቂያ ሙሉ ሳቀባት፤ እሷ ግን ሄደች፣ ዐን ይዛ።

*

የጥንት ዐረብ ግጥሙን የሚጀምር ከፈረሰ ሰፈር ነው፤
ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የቀረው ሦስት ጉልቻ ነው።
«ቤቱ ያምር ነበር አይልም» ይለን ነበር፣ «ጉልቻውን ይቆጥራል፤
እንባው ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል።»

ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም
ካርቶኖቹ ተጫኑ፤ ዝናብ ነበር፤ ሁሉም አልደረሱም።
በወሩ፣ ክንዱን ይዤ፣ ወደ ድሮ ደጁ ወሰድሁት፤
ደጅ የለም፤ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ በቀዳዳው አሳየሁት።
ጠበቅሁ፤
ያ አርባ ዓመት ያስተማረን ግጥም አሁን ይመጣል ብዬ።
እሱ ግን በከዘራው አየር ላይ ጠቆመ፤
«ሽንት ቤቱ በዚያ ነበር፣ አይደል ልጅዬ?»

ዘበኛው መጣ። «አባባ፣ ምን ጠፋዎት?»
አፉን ከፈተ፤
ከጉሮሮው ሥር አንዲት ድምፅ ወጣች፣ ቃል ሳይከተላት።
ሳል መስሎት ዘበኛው፣ በሃይላንድ ውኃ አመጣለት።
በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠጣት።