ልክ

በሐምሌ ሊማ ላይ ሰማይ የሚሉት የለም፣
አመድማ ጭጋግ ነው፥ አይዘንብም፥ አይቆምም።
ከድልድዩ ሥር ነው የእኔ ጠባብ ሱቅ፣
ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ስቀድ የመኮንን ጨርቅ።

መጀመሪያ የመጣ ለት ባልዶሜሮ ኡሩናጋ፣
ምክትል መቶ አለቃ፥ ቀጭን እንደ አለንጋ፣
«ልኬን ውሰድ» አለኝ፥ ክንዱን እየዘረጋ።
ደረት ዘጠና ሁለት፤ ወገብ ሰባ አንድ።
በሰማያዊ እርሳስ ጻፍኩት። ከፍሎኝ ሄደ፥
ኮፍያው በብብቱ፥ በጠዋት መንገድ።

ከዚያ በየጊዜው ማዕረግ ሲጨመርለት
ይመጣል ወደ ሱቄ፥ ልብሱ እየጠበበበት።
ሻምበል ሆነ፤ ደረቱ ላይ ሁለት ጣት ለቀቅሁ፤
ሻለቃ ሆነ፤ የወገቡን ስፌት ፈትቼ አላላሁ።
ወደ ተራራው ዘመተ፤ ሁለት ዓመት ጠፋ፤
ሲመለስ አንገቱ ከአንገትጌው ሰፋ።
«እዚያ ምን አለ?» አልኩት፥ መርፌዬ ከንፈሬ ላይ።
«ብርድ» አለኝ። እኔም አልጠየቅሁ ከዚያ በላይ።

ጄኔራል ሆነ፤ የጦሩ አዛዥ። በቴሌቪዥን
ፕሬዚዳንቱ ሰይፍ ሲያስታጥቁት አየን።
ሰው ያጨበጭባል። እኔን ግን የቆጨኝ
የግራ እጅጌው ነው፤ አንድ ጣት ረዘመብኝ።

ጡረታ ወጣ። አሥር ዓመት ዝም።
ጽጌረዳ ይኮተኩታል ሲሉ ሰማሁ፤ ሌላ የለም።
ከዚያ አንድ ማክሰኞ ደጄን አንኳኳች ሴት ልጁ፤
ከኋላዋ እሱ፥ ኮቱ ተንጠልጥሎ በእጁ።
«ሱፍ ስፋልኝ» አለ፥ «ግራጫ፥ ለችሎት።»
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ልኩ ጠፋኝ ድንገት።
ወገብ ሰባ አንድ!
የጥንቱን ገጽ ገለጥሁ፤ ቁጥሩ ያው፥ አንድ ለአንድ።
ሰው ክሱ አከሳው ይላል።
«ኪስ ስንት ላድርግለት?» አልኩት። «አንድ ይበቃል» አለ፣
«ለመነጽሬ።» ክስ የሚይዝ ኪስ በእኔ ሙያ የለ።

ችሎቱን ልይ ብዬ ሄድሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣
ኮቱ ትከሻው ላይ እንዴት እንዳረፈ ላየው ነበር።
ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ከፈተ፣
ሠላሳ ዓመት አፈር ውስጥ የተኛ ሹራብ ጎተተ።
ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት፥ ባርኔጣዋን አውልቃ፣
ሳቱርኒና ቺፓና፥ ሁለት ቀን በአውቶቡስ፥ ሠላሳ ዓመት ጠብቃ፣
መጣች። ክርኑን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣
በኬቿ ተናገረች፤ አስተርጓሚዋ ተከተለች፦
«ክርኑ ላይ ያለው እራፊ፥ በቀይ ክር፥ የእኔ ነው።
ሌላ ክር አልነበረኝም፥ ቀዩ ብቻ ነው የነበረው።
ልጄ እየሳቀብኝ ነው ለብሶት የሄደው።»

ስለ ትእዛዝ ሰንሰለት፥ ስለ ፊርማ፥ ስለ ቀጠና
ጠበቃው ሲናገር ዋለ፤ አልሰማሁትም፥ ልቤ ቀረና
ከዚያች ቀይ እራፊ።
እኔ ስፌት አውቃለሁ። ሰው በስፌቱ ይለያል፣
እንደ እጅ ጽሑፍ፥ በጨለማ እንደሚታወቅ ሳል።
አንዱ ክሩን ያከራል፥ አንዱ ያላላል።
የእሷ ሰያፍ ነበር፥ ጠበቅ ያለ፥ መብራት ሳይጠፋ የተቸኮለ።
የእሱን ትከሻስ ማነው የሰፋው ቢሉ፣
የእኔ ነው እላለሁ፥ እንደ እሷ፤ የእኔ ነው፥ ሙሉ በሙሉ።
ማንም አልጠየቀኝም።

ሃያ አምስት ዓመት ፈረዱበት፤ ይግባኝ ብሏል።
አንዱ ደንበኛዬ ልክ ነው፥ አንዱ ልክ አይደለም ይላል፣
ሱሪውን እየለካሁ።
ትናንት ልጁ ደወለች፦ «የሰፋኸው ሰፋው፤
አጥብብልኝ፥ ለይግባኙ ቀን እንዲያምርበት ነው።»
«ደረቱ ስንት ደረሰ?» አልኋት።
እስር ቤት ሜትር አያስገቡም። «በዓይንህ ገምት» አለችኝ፥ ቆረጠው ሳልባት።

እርሳሴን አነሣሁ። ከስሙ ፊት ለፊት፣
‹ልክ› ከሚለው ቃል ሥር፥ ባዶ መስመር አለ፤
ሱቄን ዘጋሁ፥ ሳልጽፍበት።