በሙያሽ ነው?

ጀህራ ላይ አቧራው ፀሐይዋን ሸፍኗል፤
ከጧቱ አራት ሰዓት መብራቱ በርቶ ይውላል።
ሁለት ሰዓት ሞልቶ፣ ሐጂያ ሙኒራን
ላዞር ስል፣ ሳይ ደግሞ ወገብ ተረከዟን፣
ጓንቴን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ ድንገት፤
ቁጥሩ የአገር ቤት።

«ከሆሳዕና ነው፣ ከጤና ኮሌጁ።
ገረመው እባላለሁ።
ያስመረቅናቸው ነርሶች የት እንደደረሱ
መዝግብ ተብዬ እየደወልኩ አለሁ።
ሦስት ጥያቄ ናት፤ ጊዜሽን አልሻማም።»

ስም?
ጸጋነሽ ሎምባሞ።
ሥራ አለሽ?
አለኝ።
በሙያሽ ነው?

ዝም አልኩ።
የተቋረጠ መስሎት «ሀሎ፣ ሀሎ» አለ።

ምን ብዬ ልመልስ?
ቪዛዬ ቁጥር ሃያ ነው፣ የቤት ሠራተኛ።
ዲግሪዬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለቴ
ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል ከወፍራም ሹራቤ ጋር፤
ሁለቱም ለዚህ አገር የማይሆኑ።
አባቴ ለክፍያ የሸጣት ጊደር
ዛሬ ብትኖር ኖሮ ሦስቴ ትወልድ ነበር።

አርባ አንድ ነበርን።
የብቃት ምዘናውን ያለፍነው ሠላሳ፤
ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ብዙ ጧት ቆመናል፣
እግራችን ዛለ እንጂ ስማችን አልተነሳ።
ዴሌቦ ባጃጅ ይነዳል፤ መስታወቱ ላይ
«ብራዘር» ብሎ ጽፏል፣ ቀልድ ይሁን ቁጭት ሳይለይ።
ብርዛፍ ጤና ጣቢያ በነጻ ታገለግላለች፤
«ልምድ ይሆንሻል» እያሏት ሦስተኛ ዓመቷን ያዘች።
ዘቢባ ብቻ፣
የፈተናውን ብር ከየት እንዳመጣች እንጃ፣
ሪያድ ነጭ ለብሳ ፎቶ ትልካለች።
እኔም ልብ እልክላታለሁ፣ ቀዩን፤
ከዚያ ስልኬን አስቀምጬ መጥረጊያ አነሳለሁ።

ግን ስማኝ፣ ገረመው።
ባለፈው ረጀብ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሐጂያን ላብ አጠመቃት፣ ምላሷ ተሳሰረባት።
ስኳሯ ወርዶ ነበር። ማንንም ሳልጠራ
ማር በጣቴ ዘግኜ ድዷን አሸሁት፣ ቀኝ ግራ፤
አንጓዋን ይዤ፣ ዓይኔን ሰዓቱ ላይ ተክዬ
ትርታዋን ቆጠርሁ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ።
ያን ሌሊት ለአንድ አፍታ
ሆሳዕና ነበርሁ፣ ዋርድ ሁለት፣ የተግባር ፈተና ላይ።

ከአምቡላንሱ የወረደችው ነርስ፣ የኬረላዋ ጄሲ፣
«ይሄን ማን አደረገ?» ብላ ጠየቀች።
«ኻዲማዋ» አለ ልጇ፣ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ።
ጄሲ ፊቴን አላየችም።
አንጓው ላይ የቀሩትን ሦስት ጣቶቼን አየች።
«የት ነው የተማርሽው?»
አፌን ሳልከፍት ማዳም ከበሩ ላይ
«ወለሉ ማር ሆኗል፣ ጥረጊው» አለች።
ጠረግሁት።
ማር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጠራም፤
ሌሊቱን ሁሉ ከእግሬ ጋር ተያይዞ አደረ።

ይሄ በየትኛው ሳጥን ይገባል?

«ሀሎ? ያለው ሳጥን ሁለት ነው» ይላል ገረመው፣
«አዎ፣ ወይም አይደለም። ሌላ የሚል የለውም።»

«አንተስ ምን ተማርክ?» አልኩት።

ትንሽ አሳለ። ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ።
«ነርስ ነኝ» አለ። «ካንቺ በፊት፣ በሁለት ዙር።»

«የራስህን የቱ ላይ ምልክት አደረግህ?»

በእሱ በኩል፣ ከመስኮቱ ውጭ ይመስለኛል፣
አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ።

ሐጂያ ዓይኗን ገልጣ «መርየም» ትለኛለች።
መርየም ማን እንደነበረች ማንም አልነገረኝም፤
አቤት እላለሁ።
መዞሪያዋ በአሥር ደቂቃ አልፏል።
ስልኩን በትከሻና በጆሮዬ መሐል ይዤ
«አትዝጋው፣ አንዴ ቆየኝ» አልኩት፣
በግራ ጎኗ እስካዞራት።