ዚፕ እንቀይራለን

የእህቴ ልጅ ስለናት ስልኬን ነጠቀችኝ፣
ቴሌግራም ከፍታ "ፈገግ በል!" አለችኝ።
ሲንገሬን አነሳች፣ ጣቴን ከነክሩ፣
ከኋላዬ ጣና፣ ጀልባው ከነዳሩ።
"ዚፕ እንቀይራለን፣ ሽምብጥ፣ ዋርካው ሥር።"

(እኛ ማን ነን?
እኔና ወንበሬ።)

አንድ ሌሊት ቢያድር ሦስት መቶ ልብ መጣ፤
ከሦስት መቶው ልብ ግን አንድ ሱሪ ታጣ።
"ጎበዝ!" አለኝ አንዱ ከወደ ሐዋሳ፤
ሁለት ሐይቅ ተሻግሮ ይመጣል ወይ ቦርሳ?

ባለባጃጁ ጥሩሰው አገጩን ተነክሶ
በጃኬቱ ጥርስ፣ መጣ አንገቱን ቀልሶ።
ሻማ አሸት ባደርገው ተከፈተ መልሶ።
ብር ሊያወጣ ሲል "ተወው" አልኩት፣ "ይልቅ
ሰው ጭነህ ስትቆም አንሳኝ፣ መንገድ ሲጨናነቅ።"

ሐምሌ ላይ ከፔዳ ይዞ ከተፍ አለ
አንዲት ተመራቂ፣ ዚፗ የተነቀለ።
"አርባ ደቂቃ ነው ያለኝ" ብላ ቆመች፤
ስሰፋ ስልኳን ነካክታ ፎቶውን አገኘች።
"ውይ! አንተ ነህ ለካ! ልብ ሰጥቼ ነበር፤
ለሐይቁ ነው እንጂ አንተንስ አላየሁ።"

ከንፈሬ መርፌ ይዟል፤
በአፍንጫዬ ሳቅሁ።