የውሉ ጀርባ

ከቸርችል ቁልቁለት፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
አምስት ፎቅ ቆሟል፣ በተከራይ ከብዶ።
ልብስ ሰፊው ምድር ቤት፣ ጥርስ ሐኪሟ ሦስተኛ፣
አናቱ ላይ ደግሞ ሒሳብ መርማሪ፣ ዝምተኛ።
እኔ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ኪራይ ሰብሳቢዋ፣
የቁልፉ ዘለበት፣ የስድብ ተቀባይዋ፣
ሊፍት መሃል ቆሞ ሰው ሲጮህ ሯጭዋ።

ፎርማን ዘርጋው ጉልማ ቁልፉን ሲያስረክበን፣
ሰኔ ዘጠና አንድ፣ የቀለሙ ሽታ ገና እያፈነን፣
«ጨረስኩ» አላለም።
ውሉን ገለበጠው፣ በጀርባው ጻፈበት፦
«ክረምቱ ሲወጣ፣ ደመራ ሳይበራ፣
በየዓመቱ መጥቼ አየዋለሁ ጣራ፣
አሸንዳና ታንከር፣ የምሰሶውን እግር።
ገንዘቡ ይነስ፤ ዘመኑ ግን ይርዘም።»
ባለድርሻዎቹ ሳቁ፦ «ሕንፃ ነው ወይስ ልጅ?
የክርስትና አባት ልሁን አለ እንዴ ሰውዬው?»
እየሳቁ ፈረሙ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በደረጃው ግድግዳ፣
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች፣ እንግዳ።
አልለሰናትም። ከኪሱ ፈልጎ
ቁራጭ መስታወት አወጣ፣ በጂፕሰም ለጥፎ
ሁለቱን ዳር አስያዘ፤ በእርሳስ ቀን ጻፈባት።
«ግድግዳ አይዋሽም፣ ቸኩለሽ ካልሸፈንሽው።
ከተንቀሳቀሰ ይሰብራታል፤ ያን ቀን ጥሪኝ።
ካልሆነም ራሴው፣ መስከረም ላይ፣ አለሁ።»

ነበረም። ሃያ አንድ መስከረም መጣ፣
ጣራ ላይ ተንበርክኮ፣ ከአሸንዳው ቅጠል ሊያወጣ፣
የዝናቡን ውኃ ወደ ታንከር ሊመራ።
የቧንቧው ፈረቃ ሠፈሩን ሲያስመርር፣
የጎረቤት ዘበኛ ጀሪካን ይዞ በራችን ሲያድር፣
ዘመን ምን እንደሚገዛ ያኔ ገባን።
ገባኝ ልበል። ለሌላው አልመሰክርም።

ከዚያ አዲስ ሊቀመንበር፣ ክራቫቱ የጠበቀ፣
«ጨረታ ይውጣ» አለ። ወጣ።
የታሸገ ኤንቨሎፕ፣ ማኅተም፣ ጭብጨባ፤
ዝቅተኛው ዋጋ አሸንፎ ገባ።
ዘርጋውን በግማሽ ገጽ አሰናበትነው።
ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ።

አሸናፊው ድርጅት በአሥር ቀን አሳመረን፤
ክሬም ቀለም ቀባን፣ የሚያብለጨልጭ በር ሰጠን፣
ስንጥቋን፣ መስታወቷን፣ ቀኗን፣
አንድ ላይ ለሰነ።

መስከረም አሥራ ሁለት፣ ማለዳ፣ በመስኮት ሳይ፣
ዘርጋው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፣ እጁን ኋላ አጣምሮ፣
ውል ሳይኖረው፣ ሳይከፈለው፣ ቀና ብሎ።
መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ።
ታክሲ ጋረደው። ታክሲው ሲሄድ፣ አልነበረም።

ማታ ሁሉም ሲወጣ፣ በጣራው ቁልፍ ጫፍ
ቀለሙን ፋቅሁ። አገኘኋት።
ከመሃል ለሁለት ተከፍላለች፤
ቀኑ ወዲህ፣ ዓመቱ ወዲያ።

ደወልኩለት። «አውቄያለሁ» አለ፤
«በሰሜኑ ማዕዘን እድፍ ወርዷል። አሸንዳው ተደፍኗል። ነገ ልምጣ?»
«ውል የለንም እኮ፣ ጋሽ ዘርጋው።»
«እናንተ የሰረዛችሁት ፊቱን ነው።
ጀርባውን ማን ነካው?»

መጣ፤ ቢፍቱ የምትባል ተለማማጅ ይዞ፣
መሰላሉን ለሷ፣ ባትሪውን ለራሱ።
አዲሷን መስታወት የለጠፈችው ልጅቷ ናት፤
እሱ ጂፕሰሟን ብቻ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት።
ከዚያ እርሳሱን ወደ እኔ ዘረጋ።
«ቀኑን ጻፊ። ስምሽንም።
የዛሬ አሥር ዓመት የሚመጣ ሰው
ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ።»
መስታወቷ ጠባብ ናት።
ፊደሌን አሳነስኩ።